መጥረቢያ፣ መሰርሰሪያና ስኳር፦ ከአንድ ዛፍ ስንት ይወሰዳል?

በ1791 ከፊላደልፊያ የተላከ አንድ ደብዳቤ አለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጸሐፊው ቤንጃሚን ረሽ ነው፤ ሐኪም፣ የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ከፈረሙት ሰዎች አንዱ። ተቀባዩ ቶማስ ጄፈርሰን ነው፤ ያኔ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በኋላ ሦስተኛው ፕሬዚዳንት።

እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲጻጻፉ ርዕሱ ጦርነት፣ ዕዳ ወይም ሕገ መንግሥት ይሆናል ብለን እንገምታለን። ይህ ደብዳቤ ግን ስለ ሜፕል ዛፍ ነው፤ በመሐሉም ዛፉ እንዴት እንደሚበሳ ይዘረዝራል። በመጥረቢያ ይበጣ ወይስ በመሰርሰሪያ ይበሳ? ቀዳዳው ስንት ኢንች ይጥለቅ? ወዴት ያዘንብል? ረሽ ለሁሉም መልስ አለው። መሰርሰሪያው ይሻላል ይላል። መጀመሪያ የኢንች ሦስት አራተኛ ያህል ይግባ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እስከ ሁለት ኢንች ይጥለቅ። ቀዳዳው ወደ ውስጥ ሲገባ ሽቅብ ይሁን፤ አለበለዚያ ጠዋትና ማታ ፈሳሹ ቀስ እያለ ሲወርድ በብርድ ይረጋል።

አንድ የአገር መሥራች ስለ ቀዳዳ ጥልቀት ይህን ያህል የተጨነቀው ለምንድን ነው? በዚያች ቀዳዳ በኩል የባርነትን ገበያ ማድረቅ ይቻላል ብሎ ስላመነ ነው።

ዛሬ የማካፍላችሁ የዚህችን ቀዳዳ ታሪክ ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ስፋቷ ከአንድ ጣት አይበልጥም። ነገር ግን ማን ይሥራ፣ ማን ይጠቀም፣ መሬቱ የማን ነው፣ ስንት ወስደን ስንት እንተው የሚሉት ትልልቅ ጥያቄዎች ሁሉ በእሷ ውስጥ አልፈዋል።

🔹 በመጀመሪያ ዛፉን እንወቀው

የስኳር ሜፕል የሚበቅለው በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ነው፤ በካናዳ ኩቤክና ኦንታሪዮ፣ በአሜሪካ ደግሞ ቬርሞንት፣ ኒውዮርክ፣ ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲንና ሚኒሶታን በመሳሰሉ ግዛቶች። በካናዳ ባንዲራ ላይ የምናየው ቀይ ቅጠል የሜፕል ቅጠል ነው። ዛፉ በሞቃቱ ወራት በቅጠሉ የሠራውን ምግብ በግንዱ ውስጥ ያከማቻል። ብርዱ ሊለቅ ሲል፣ ከፌብሩዋሪ ማብቂያ እስከ ኤፕሪል ባሉት ሳምንታት፣ ሌሊቱ በረዶ ቀኑ ደግሞ ሞቅ ያለ ይሆናል። ሌሊት እንጨቱ ሲቀዘቅዝ ዛፉ ከሥሩ ውሃ ይስባል፤ ቀን ሲሞቅ በውስጡ ግፊት ይፈጠራል። ያኔ ግንዱ ላይ ቀዳዳ ካለ ጭማቂው ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል።

ይህ ጭማቂ ሲቀመስ ውሃ ነው ማለት ይቻላል። ስኳሩ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሊትር ሽሮፕ ለማግኘት 40 ሊትር ያህል ጭማቂ ይፈላል። አንድ ቀዳዳ በባልዲ ሲቀዳ በአንድ ወቅት የሚሰጠውም ወደዚሁ የተጠጋ ነው። በአጭሩ፣ አንድ ቀዳዳ ማለት አንድ ሊትር ሽሮፕ ነው። ወቅቱ አራት፣ ቢበዛ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ቡቃያው ማቆጥቆጥ ሲጀምር ጣዕሙ ስለሚለወጥ ሥራው ያበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ያዙልኝ፤ የሜፕል ችግኝ ተክላችሁ ለመበሳት የሚበቃ ውፍረት እስኪኖረው 40 ዓመት ያህል መጠበቅ ይኖርባችኋል። ወደዚህ ቁጥር እንመለሳለን።

🔹 የመጥረቢያው ዘመን

አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት ይህን ጥበብ የያዙት የአገሩ ሰዎች ነበሩ፤ አኒሺናቤ፣ ሆዴኖሾኒ፣ አብናኪ፣ ሚክማክና ሌሎችም። ግንዱ ላይ በመጥረቢያ ሰያፍ ብጣት ያወጣሉ፤ ከብጣቱ ሥር ስንጣሪ እንጨት ወይም ሽንብቆ ይሰካሉ፤ ጭማቂው በበርች ቅርፊት በተሠራ ዕቃ ይጠራቀማል። የጋለ ድንጋይ እየጨመሩ ያፈሉታል፤ ወይም ሌሊት ከላይ የረጋውን በረዶ እያነሡ በመጣል ያወፍሩታል። ቤተሰብ በሙሉ ወደ ጫካው ወርዶ የሚሰፍርበት ወር በአኒሺናቤዎች ዘንድ ስሙ ራሱ ከዚህ ሥራ የተወሰደ ነው።

ከትረካዎቻቸው አንዱ ደስ ይለኛል። ድሮ ከሜፕል ዛፍ የሚወርደው ውሃ ሳይሆን ወፍራም ሽሮፕ ነበር ይላል። ሰዎቹ ሥራ ትተው፣ አፋቸውን ከፍተው ከዛፉ ሥር ተጋደሙ። ይህን ያየው ናናቦዦ የተባለው የተረቶቻቸው ጀግና በዛፉ ላይ ውሃ አፈሰሰበትና አቀጠነው። ከዚያ ወዲህ ጣፋጩን የፈለገ እንጨት መፍለጥ፣ እሳት ማንደድና መታገሥ ግዴታው ሆነ። የተረቱ መልእክት ግልጽ ነው፤ ዛፉ ስጦታ ይሰጣል፤ ግን ስጦታው ገደብ አለው።

ይህን ታሪክ ተረት ብቻ አድርገን እንዳንተወው የሕግ ጎን አለው። በ1837 እና በ1842 የኦጂብዌ ሕዝቦች (ከአኒሺናቤዎች ወገን ናቸው) በዛሬው ዊስኮንሲንና ሚኒሶታ አካባቢ ሰፊ መሬት ለአሜሪካ መንግሥት ሲለቁ፣ በለቀቁት መሬት ላይ የማደን፣ ዓሣ የማጥመድና ከጫካው የመሰብሰብ መብታቸው እንደተጠበቀ ነበር። ግዛቶቹ ይህን ከመቶ ዓመት በላይ እንደሌለ ቆጠሩት። የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መብቱ እንዳልተሻረ የወሰነው በ1983 ነው። ከጫካ መሰብሰብ ሲባል የሜፕል ጭማቂም በውስጡ አለበት። እንግዲህ ለእነዚህ ሰዎች የመጀመሪያው ጥያቄ «በምን ልብሳ?» የሚል አልነበረም፤ «የአያቶቼን ዛፍ እንድበሳ ማን ከለከለኝ?» የሚል ነበር።

🔹 ያለ ባሪያ ላብ የሚመጣ ስኳር

አሁን ወደ ረሽ ደብዳቤ እንመለስ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዓለም ስኳር የሚመጣው ከካሪቢያን ደሴቶች ነበር፤ የሚያመርቱትም ከአፍሪካ ተግዘው የተወሰዱ ባሮች። በኤፕሪል 1791 የእንግሊዝ ፓርላማ የባሪያ ንግድን ለማስቆም የቀረበለትን ሐሳብ ውድቅ አደረገ። የተቆጣው ሕዝብ ጉዳዩን ወደ ገበታው ወሰደው፤ የካሪቢያን ስኳር አንገዛም አለ። የንቅናቄው መሪ ቶማስ ክላርክሰን 300,000 ያህል ሰዎች ስኳሩን ትተዋል ብሎ ገምቷል። በዚያው ዓመት በኦገስት ደግሞ የያኔዋ ሴን ዶማንግ፣ የዛሬዋ ሄይቲ፣ በባሮች አመፅ ተቀጣጠለች። ሴን ዶማንግ ከሁሉ የበለጠ ስኳር የምታመርት ቅኝ ግዛት ነበረች።

በዚህ መሐል አሜሪካ ውስጥ አንድ ሐሳብ ብቅ አለ። ጫካችን በሜፕል ሞልቷል፤ ስኳር አለው፤ ገበሬው ከቤተሰቡ ጋር በራሱ ጉልበት ሊያመርተው ይችላል፤ ታዲያ የባሪያ ስኳር ለምን እንገዛለን? የፊላደልፊያ ኩዌከሮች ሐሳቡን ተቀበሉት። ፈረንሳዊው የባርነት ተቃዋሚ ብሪሶ ደ ቫርቪል አሜሪካን ጎብኝቶ አደነቀው። ጄፈርሰን በ1790 ለወዳጁ ሲጽፍ፣ የጥቁሮችን ባርነት ግድ ያደርጋል የሚባለውን ስኳር የሕፃናት ጉልበት ብቻ በሚጠይቅ ስኳር መተካት ትልቅ በረከት ነው የሚል ሐሳብ ገለጸ።

ረሽ ደብዳቤውን የጻፈው ይህን ተስፋ ይዞ ነው። ስለ መጥረቢያና ስለ መሰርሰሪያ የተጨነቀውም ስለዚህ ነው። በመጥረቢያ የተበጣ ዛፍ ሰፊ ቁስል ይይዛል፤ ጥቂት ዓመት ሰጥቶ ሊደክም ይችላል። በመሰርሰሪያ የተበሳ ዛፍ ግን በየዓመቱ ሊያገለግል ይችላል። ስኳሩ ዘላቂ ኢንዱስትሪ እንዲሆን ከተፈለገ መሣሪያው መለወጥ አለበት። እስከዚህ ድረስ ረሽ ልክ ነበር።

ነገር ግን ሁለት ችግር ነበረበት።

አንደኛው ከራሱ ነው። ስለ ነጻ ጉልበት ስኳር ይህን ሁሉ ሲጽፍ ረሽ ራሱ ዊልያም ግሩበር የሚባል ሰው በባርነት ይዞ ነበር፤ ነጻ ያወጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ጄፈርሰንማ በሕይወት ዘመኑ ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ገዝቷል። ሰው ነጻ ሳያወጡ ስኳሩን ነጻ ማውጣት ቀላል ነበር። የሩቁን ኃጢአት በሸቀጥ ምርጫ የማጠብ ፍላጎት ዛሬ የተጀመረ አይደለም።

ሁለተኛው ከዛፉ ጋር የተያያዘ ነው። ረሽ ዛፉ በመበሳቱ አይጎዳም፤ እንዲያውም በተደጋጋሚ በተበሳ መጠን የበለጠ ይሰጣል ብሎ ጻፈ። 42 ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ተበስቶ ያልደከመ ዛፍ መኖሩንም በምስክርነት ጠቀሰ። አንድ ዛፍ ያን ያህል መቆየቱ አይገርምም፤ ዛሬም ከዚያ በላይ የቆዩ አሉ። «በበሳኸው ቁጥር ይሰጥሃል» የሚለው ግን ከምኞት የመጣ ነበር። ባርነትን በተቃወመው በዚያው ደብዳቤ ውስጥ፣ ያለ ገደብ ቢያሠሩት የማይደክም አንድ ፍጥረት ተፈልጎ ተገኘ ማለት ነው፤ ዛፉ።

🔹 ዕቅዱ ለምን ከሸፈ?

ሙከራ አልጠፋም። ዊልያም ኩፐር የተባለው ባለ መሬት በኒውዮርክ ግዛት ኦትሴጎ ሐይቅ አካባቢ ሰፋሪዎቹን ስኳር እንዲያመርቱ አሰማራ። ሄንሪ ድሪንከር የተባለው የፊላደልፊያ ኩዌከር ነጋዴ በፔንሲልቬንያ የሜፕል እርሻ አቋቋመ። ለሆላንድ ባለሀብቶች የሚሠራው ጌሪት ቦን ደግሞ በኒውዮርክ ጫካ ውስጥ ጭማቂውን ከዛፍ ወደ ማፍያው የሚያወርድ የእንጨት አሸንዳ ዘረጋ፤ አሸንዳው በፀሐይ ተጣመመና ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ቀረ። ጄፈርሰን በሞንቲቼሎ ርስቱ ላይ የሜፕል ችግኝ አስተከለ፤ አብዛኞቹ ሳይጸኑ ቀሩ።

ምክንያቱን አሁን ማየት ቀላል ነው። የሸንኮራ አገዳ በማሳ ይተከላል፤ በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ይደርሳል። ሜፕል 40 ዓመት ይፈልጋል። አገዳ የሚቆርጠው ባሪያ ወራት ሙሉ በጅራፍ ይሠራ ነበር፤ የሜፕል ወቅት ግን ጥቂት ሳምንት ነው፤ እሱንም የሚወስነው ሌሊቱና ቀኑ ነው። የሚፈላው ጭማቂ ስፍር ቁጥር የሌለው የማገዶ እንጨት ይበላል። ሰፋሪው ገበሬ ደግሞ የቸኮለው ጫካውን መንጥሮ ስንዴ ለመዝራት ነበር። በባርነት ላይ የተመሠረተውን ኢኮኖሚ በአንድ ዛፍ ትዕግሥት መገዳደር አልተቻለም። ባርነት በአሜሪካ የቆመው በጦርነትና በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው።

ይህ ማለት ግን ያ ትግል ዋጋ አልነበረውም ማለት አይደለም። ሰው የሚበላው ነገር ከማን ላብ እንደመጣ የመጠየቅ ልማድ በዚያ ዘመን ሥር ሰደደ። የሜፕል ስኳርም በሰሜኑ ገበሬ ቤት ቀጠለ፤ የባርነት ተቃዋሚዎች እስከ እርስ በርስ ጦርነቱ ድረስ እየመረጡ ገዙት። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊያበቃ ሲል የአገዳ ስኳር ዋጋው ወረደና የሜፕሉ በስኳርነት መወዳደር አቃተው። ያኔ ነው ዛሬ የምናውቀው ሽሮፕ ዋናው ምርት የሆነው።

🔹 ብረቱ እየተሳለ ሄደ

መሣሪያው ግን መሻሻሉን አላቆመም። በ1809 ኤዝራ ሎሜዲዩ የተባለ አሜሪካዊ ጠመዝማዛ መሰርሰሪያ በስሙ አስመዘገበ። በ1855 ራስል ጄኒንግስ የኮነቲከቱ ሰው ሰጋቱራውን እያወጣ ንጹሕ ቀዳዳ የሚተው ፑንታ ሠራ። ቀጥሎ ፑንታውን ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ፣ በእጅ የሚዞር የብረት መሰርሰሪያ በየገበሬው ቤት ገባ። ከሽንብቆና ከእንጨት ይልቅ የብረት ቧንቧ፣ ከእንጨት ገንዳ ይልቅ የቆርቆሮ ባልዲ መጣ። (ከእነዚህ አሮጌ ባልዲዎች ብዙዎቹ እርሳስ ባለበት ስታኞ የተበየዱ ናቸው። ለጌጥ ይሁኑ እንጂ ለምግብ አይሁኑ።)

በ20ኛው ክፍለ ዘመን በቤንዚን የሚሠራ መሰርሰሪያ መጣ። ብላክ ኤንድ ዴከር በ1961 ያለ ገመድ በባትሪ የሚሠራ ድሪል ለገበያ አቀረበ። ሊቲየም ባትሪ ሲመጣ ደግሞ ድሪሉ ቀለለ፣ ጉልበቱም ጨመረ። አንድ ሠራተኛ ቆሞ ደቂቃ የሚፈጅበትን ቀዳዳ አሁን በጥቂት ሰከንድ ይበሳዋል። በ1959 የቬርሞንቱ ኔልሰን ግሪግስ በባልዲ ፋንታ የላስቲክ ቱቦ የሚዘረጋበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ፤ ጌሪት ቦን በእንጨት አሸንዳ ያቃተው ነገር በላስቲክ ተሳካ። በቱቦው ላይ የቫኪዩም ፓምፕ ሲጨመር ከአንድ ቀዳዳ የሚገኘው ጭማቂ እጥፍ ሊሆን ቻለ። ዛሬ ኩቤክ ብቻዋን ከ50 ሚሊዮን በላይ ቀዳዳ በየዓመቱ ትበሳለች፤ ከዓለም ሽሮፕ 70 በመቶ ያህሉም የእሷ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ቀዳዳ መብሳት አድካሚ በነበረበት ዘመን ድካሙ ራሱ ገደብ ነበር። ክንዱ የዛለ ገበሬ ሦስተኛውን ቀዳዳ ይተወዋል። ድሪሉ ግን አይዝልም። ታዲያ ገደቡን ማን ያብጅ?

🔹 ክኒኑና ያስተማረው ትምህርት

ለዚህ ጥያቄ መጥፎ መልስ የተሰጠበት ጊዜ ነበር። ቀዳዳ ከተበሳ ከሳምንታት በኋላ ጭማቂው የሚቆመው በውስጡ ረቂቅ ተሕዋስያን ስለሚራቡና ዛፉም ቁስሉን ስለሚዘጋ ነው። በ1960ዎቹ አምራቾች አንድ መላ አገኙ፤ ፎርማልዴሃይድ የሚለቅ ትንሽ ክኒን በቀዳዳው ውስጥ መክተት። ክኒኑ ተሕዋስያኑን ይገድላል፤ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ጭማቂው ይጨምራል። ሁሉም ተደሰተ።

የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪው አሌክስ ሺጎ ግን ዛፎችን በመጋዝ ከላይ እስከ ታች እየሰነጠቀ ውስጣቸውን የማየት ልማድ ነበረው። ያየው ነገር የቆየውን እምነት አፈረሰ። ዛፍ እንደ ሰው ቆዳ ቁስሉን አያድንም። የተጎዳውን እንጨት በአዲስ አይተካውም፤ ዙሪያውን አጥር ሠርቶ ይዘጋበታል፤ ከዚያም በውጭ በኩል አዲስ እንጨት ያበቅላል። የተዘጋው ክፍል ከቀዳዳው በላይና በታች ረዘም ብሎ የጠቆረ እንጨት ይሆናል፤ ለዘላለም ጭማቂ አያሳልፍም። ሺጎና ባልደረባው ዋልተርስ በ1978 የሜፕል ቀዳዳዎችን አስመልክተው ባወጡት ሥራ ክኒኑ የገባባቸው ዛፎች በውስጣቸው የበለጠ እንደሚበሰብሱ አሳዩ። ክኒኑ ዛፉ ቁስሉን እንዳያጥር አድርጎት ነበር። በመጨረሻ በአሜሪካም በካናዳም ታገደ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ተገለበጠ። ድሮ የሚጠየቀው «ቀዳዳው ብዙ እንዲሰጥ ምን እናድርግ?» ነበር። አሁን «ዛፉ ቶሎ እንዲዘጋው ቀዳዳውን ምን ያህል እናሳንሰው?» ሆነ።

🔹 እንግዲህ የትኛው መሰርሰሪያ?

መልሱ በፑንታው ውፍረት ይጀምራል። ለረጅም ጊዜ የተለመደው 7/16 ኢንች ነበር፤ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ። ካለፈው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ የተስፋፋው 5/16 ኢንች፣ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ይመስላል። ስፋቱን ስታሰሉት ግን ትንሹ ቀዳዳ የትልቁ ግማሽ ነው። የጭማቂው ቅናሽ ትንሽ ነው፤ ቁስሉ ግን ቶሎ ይዘጋል።

በሚኒሶታ፣ በኦሃዮ ወይም በቶሮንቶ አካባቢ ጓሮአችሁ ውስጥ ሜፕል ያላችሁ የዚህ ገጽ ተከታታዮች ካላችሁ፣ ጥሩ አምራቾች የሚከተሉትን በአጭሩ ላስፍርላችሁ።

▪️ ድሪሉ በባትሪ የሚሠራ ተራ ድሪል ቢሆን በቂ ነው። በበረዶ ውስጥ ተይዞ የሚዞር ስለሆነ ከጉልበቱ ይልቅ ቅለቱ ይጠቅማል። ብርድ ባትሪን ስለሚያደክም ሁለተኛ ባትሪ በኪስ ይያዝ።

▪️ ዋናው ፑንታው ነው። ስለታም፣ ንጹሕና ለዚህ ሥራ ብቻ የተለየ ይሁን። የደነዘ ፑንታ እንጨቱን ይቦጫጭቀዋል፤ የተቦጫጨቀ ቀዳዳ ደግሞ ያፈሳል፣ ቶሎም ይበላሻል። የቧንቧውና የፑንታው ልክ አንድ ይሁን።

▪️ ከአራት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል። ፑንታው ላይ ፕላስተር ጠቅልሎ ምልክት ማድረግ እጅ እንዳያልፍ ይከለክላል። ድሪሉ ሳይወላገድ ቀጥ ብሎ ገብቶ ቀጥ ብሎ ይውጣ፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ጥቂት ሽቅብ ይሁን። በዚህ ረሽ ከ230 ዓመት በኋላም ልክ ነው።

▪️ ሰጋቱራውን እዩት። ነጭ ወይም ክሬም ከሆነ እንጨቱ ሕያው ነው። ቡናማ ከሆነ የሞተ እንጨት ላይ ናችሁ፤ እዚያው አቁሙ።

▪️ ግንዱ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካልደረሰ አይነካም። ከደረሰም አንድ ቀዳዳ፤ በጣም ትልቅ ዛፍ ከሆነ ሁለት። ከአሮጌው ጠባሳ ቀጥታ በላይ ወይም በታች አይበሳም፤ ጎን ሸሽቶ ነው። ወቅቱ ሲያበቃ ቧንቧው ይነቀላል።

ከእነዚህ ነጥቦች ስንቱ ስለ ድሪሉ፣ ስንቱ ስለ ሰውዬው እንደሆነ ቁጠሩት። አብዛኛው ስለ ሰውዬው ነው።

🔹 የእኛስ ዛፍ?

«ይህ ሁሉ እኛን ምን ይመለከተናል?» የሚል አይጠፋም። እኛም እኮ አቁስለን የምንቀዳው ዛፍ አለን። በመተማ፣ በትግራይ ቆላ፣ በቤንሻንጉል የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ። በየቤተ ክርስቲያኑ የሚታጠነው፣ በየቡናው የሚጨሰው፣ ወደ ውጭም የሚላከው ዕጣን ቅርፊቱ በስለት ተፍቆ የሚወጣ ነው። በደረቁ ወራት ያው ቁስል በየጊዜው እየታደሰ እየሰፋ ይሄዳል።

በ2006 የታተመ በኤርትራ የተካሄደ ጥናት፣ ካረፉ ዛፎች ከተለቀመ ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ ያለ ዕረፍት ከተበጡት ከ16 በመቶ በታች መብቀሉን አሳይቷል። የደከመ ዛፍ ዕጣኑን ለእኛ ይሰጣል፤ ለልጆቹ ግን የሚተርፈው የለም። በ2012 የታተመው የመተማ ጥናት ደግሞ ነገሩ ከስለት በላይ መሆኑን ነገረን። በተበጡትም ባልተበጡትም ደኖች ችግኝ ወጣት ዛፍ ለመሆን አይደርስም፤ እሳት፣ ከብትና ጢንዚዛ ይፈጁታል። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ የዛፎቹ ብዛት በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ እንደሚያሽቆለቁል ገምቷል።

ስለዚህ ለእኛ ጥያቄው የተሻለ ስለት ማቅረብ ብቻ አይደለም። ከደጋ ወርዶ በወቅት ሥራ የሚቀጠረው ሰው በኪሎ የሚከፈለው ከሆነ ዛፉን የሚያሳርፍበት ምክንያት የለውም። ለከርሞ ያንኑ ደን ማግኘቱን የማያውቅ ሰው ስለ ከርሞ አያስብም። የቬርሞንት ገበሬ ትንሹን ፑንታ የመረጠው ከእኛ ሰው በተፈጥሮ ስለሚሻል አይደለም። ዛፉ የእሱ ነው፤ ከእሱም በኋላ የልጁ ነው። ይህን ስለሚያውቅ ነው። በዊስኮንሲን ኦጂብዌዎች በፍርድ ቤት የተከራከሩትም ስለዚሁ ነው። ለደን ሕግ የሚያወጡ፣ ለዕጣን ፈቃድ የሚሰጡ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት ብዙ ችግር ይቀላል፤ ደኑን ለጥቂት ዓመት ተኮናትሮ ለሚሄድ ከመስጠት ይልቅ በዙሪያው ለሚኖረው በዋስትና መስጠት፣ የሚያርፉበትን ዓመት በሕግ መወሰን፣ ችግኙን ከእሳትና ከከብት መከለል።

ረሽ መሣሪያውን በትክክል መረጠ፤ ገደቡን ግን አላየም። አሌክስ ሺጎ ዛፉን ሰንጥቆ ገደቡን አሳየን። ናናቦዦን የፈጠሩት ሰዎች ደግሞ ሳይሰነጥቁትም ያውቁት ነበር። በመካከላቸው ያለው ሁለት መቶ ዓመት የሚያስተምረን፣ ጥሩ መሣሪያ ሥራን እንደሚያቀልል እንጂ ይብቃ የሚለውን ቃል በእኛ ፋንታ እንደማይናገር ነው።

በዕጣን አምራች አካባቢ የምትኖሩ ወይም የሠራችሁ ካላችሁ፣ በእናንተ ዘንድ ዛፉ የሚያርፍበት ልማድ ነበረ ወይ? ዛሬስ አለ? ጻፉልን።